ምዕራፍ 7፦ ለቆላ መንገድ የትኛው ዘይት?

ወደ አፋር ወይም ወደ ጋምቤላ ሊወርድ ያሰበ ሾፌር ጋራዥ ሲገባ በመጀመሪያ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ “የምትሄደው ሙቀት ነው፤ ዘይቱን ወፈር አድርገው” የሚል ነው። ምክሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የድሮዎቹ ላዳና ፊያት ሞተሮች በብረትና በብረት መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ነበራቸው፤ የዚያን ዘመን ዘይትም ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይቀጥን ስለነበር በወፍራም ዘይት መጀመር ያዋጣ ነበር። ችግሩ ይኸው ምክር ዛሬ ለዲኤክስም ለቪትዝም፣ ለአይሱዙም ለባጃጅም ሳይለወጥ መሰጠቱ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የዘይትን ውፍረት በቅድሚያ የሚወስነው የሞተሩ ስሪት ነው፤ ቀጥሎ የሚሸከመው ጭነትና የሚወጣው ዳገት ይመጣል። የውጭው አየር ሙቀት ከሁለቱ በኋላ ነው።

ጋሎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ እንጀምር። በትልቁ የሚታየው ቁጥር የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው መለኪያ ነው። ማኅበሩ በ1905 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውን የዘይት ምደባ ያወጣው በ1911 ሲሆን አሁን የሚሠራበት ደረጃ ጄ300 ይባላል። 20ደብልዩ-50 የሚለውን እንውሰድ፤ በሱቅ “ሃያ ሃምሳ” የሚባለውን። ከዚህ በኋላ እኔም እንደ ሱቁ 20-50፣ 15-40፣ 0-20 እያልኩ እጽፋለሁ።

ደብልዩ ያለበት የመጀመሪያው ቁጥር ስለ ብርድ ብቻ ነው የሚናገረው። 20 የተባለ ዘይት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ሞተሩ እንዲዞር መፍቀድ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ደግሞ በፓምፕ መሳብ መቻል አለበት። ለ15 እነዚህ ቁጥሮች 20 እና 25፣ ለ0 ደግሞ 35 እና 40 ናቸው፤ ሁሉም ከዜሮ በታች። ደብረ ብርሃንና ባሌ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል፤ ሆኖም ለነዚህ ቁጥሮች የሚቀርብ ብርድ አገራችን ውስጥ መኪና በሚነዳበት ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ሞተር ማስነሣት ብቻ ከሆነ ጉዳዩ፣ ገበያ ላይ ያለው ዘይት ሁሉ ይበቃናል። አነስተኛ የመጀመሪያ ቁጥር የሚጠቅመን በሌላ በኩል ነው፦ ጠዋት ሞተሩ በተነሣ ቅጽበት ዘይቱ ቶሎ ወደ ላይ፣ እስከ ቫልቮቹ ድረስ ይደርሳል።

ለሙቀት የሚታየው ሁለተኛው ቁጥር ነው። እሱ የሚለካው ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በሴንቲስቶክ ሲቆጠር 20 የተባለው ከ6.9 እስከ 9.3፣ 30 እስከ 12.5፣ 40 እስከ 16.3፣ 50 ደግሞ እስከ 21.9 ይደርሳል። 100 ዲግሪ የተመረጠው የሞቀ ሞተር ዘይት በተለመደው ጉዞ የሚኖረው እዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። ከዚህ ሌላ በጋሎኑ ላይ የማይጻፍ፣ ግን ደረጃው የሚያስገድደው ፈተና አለ። ዘይቱ በ150 ዲግሪ፣ በጠባብ ክፍተት ውስጥ በኃይል እየተጨፈለቀ ይለካል። ክራንክሻፍቱ በሚሽከረከርበት ብሮንዚና ውስጥ የሚደርስበትን ስለሚመስል ለቆላ መንገድ ከሁሉም በላይ የሚያስተማምነው ይኸ ልኬት ነው። ባለ 20 ዘይት በዚህ ፈተና ቢያንስ 2.6፣ ባለ 30 ቢያንስ 2.9 ሚሊፓስካል ሰከንድ ማምጣት አለበት። 10-40 ቢያንስ 3.5 ይጠየቃል። 15-40 የሚጠየቀው 3.7 ነው፤ 20-50ም የሚጠየቀው ያው 3.7 ነው። ብዙ 20-50 ዘይቶች ከዚህ ከፍ ያለ ውጤት እንደሚያመጡ እውነት ነው። ግን ደረጃው ራሱ በጭንቅ ሰዓት ከሁለቱ የሚጠብቀው ዝቅተኛ ጥንካሬ እኩል መሆኑን ማወቅ፣ “15-40 ለአዋሽ አይችልም” ለሚል ሰው በቂ መልስ ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንመለስ። ሰመራ በሞቃታማ ወራቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ዳሎል ላይ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ በ20 ዲግሪ አየር የነበረ ሞተር ሰመራ 40 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ የዘይቱ ሙቀት በዚያው ልክ በ20 አይጨምርም። ቴርሞስታቱ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው አካባቢ እየተከፈተና እየተዘጋ ውሃውን በአንድ ልክ ይጠብቃል። ራዲያተሩ ንጹሕ ከሆነና አቅም ከተረፈው ሜዳ ላይ ባዶውን የሚሄድ መኪና ከውጭው ሙቀት የሚቀበለው ጥቂት ነው። ውሃው ልኩን ከጠበቀ ዘይቱም ብዙ ሳይርቅ ይከተለዋል።

ዘይትን በእውነት የሚያግለው ሥራ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የወረደ የተጫነ አይሱዙን ያስቡ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወጣል። ሞተሩ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየጮኸ፣ ነዳጁ እስከ ጥግ ተረግጦ፣ መኪናው ግን በዝግታ ነው የሚሄደው፤ ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስም ትንሽ ነው። በዚያ ላይ የቆላው አየር ይሞቃል። ይህን ጊዜ ፒስተኖቹ ሥር የሚረጨውና ቱርቦውን የሚያቀዘቅዘው ዘይት 120 ዲግሪ ወይም ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ ግን መሐል ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ የሚያሳየው የውሃውን ሙቀት ነውና። ብዙዎቹ መኪኖቻችን የዘይት ሙቀት መለኪያ የላቸውም። ሾፌሩ መርፌውን አይቶ “ደህና ነው” ሲል፣ ዘይቱ ከውሃው 30 ዲግሪ በልጦ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጭማሪ ምን ያህል ያቀጥናል? በገበያ የተለመደ 15-40 ዘይት በ40 ዲግሪ 110 ሴንቲስቶክ ገደማ፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 14.5 ገደማ ነው። ሙቀቱ 120 ሲደርስ ወደ 9.4 ይወርዳል። ይህም ባለ 30 ዘይት በ100 ዲግሪ ካለው ዝቅተኛ ልክ ጋር እኩል ነው። 20 ዲግሪ ሲጨምር ከአንድ ደረጃ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ነው ጭኖ ዳገት ለሚወጣ መኪና አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ዘይት መምረጥ ትርጉም የሚኖረው። በብሮንዚናውና በክራንክሻፍቱ መካከል የሚቀረው የዘይት ሽፋን ጭነት ሲበዛ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ያ ሽፋን ከተበጠሰ ብረት ከብረት ይገናኛል። ሞተር የሚነክሰውም ያኔ ነው።

እንግዲያው ለምን ሁላችንም 20-50 አንሞላም?

ምክንያቱም ሞተሩ ቀኑን ሙሉ አባይ በረሃ ውስጥ አይውልም። ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ሜዳ ላይ ያድራል፤ በማግስቱ ጠዋት በ10 ዲግሪ ብርድ ይነሣል። በዚያ ሰዓት 20-50 ዘይት ከ0-20 ዘይት ስድስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ፓምፑ ወፍራሙን ዘይት ሲገፋ ግፊቱ ከልክ ያልፍና መቆጣጠሪያው ቫልቭ ተከፍቶ የተወሰነውን ወደ ቋቱ ይመልሰዋል። የፊልትሮው ማለፊያም ሊከፈት ይችላል፤ ያኔ ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። የግፊት መለኪያ ያለው ሾፌር መርፌው ሽቅብ ሲወጣ አይቶ ደስ ይለዋል። ከፍ ያለ ግፊት ግን ብዙ ዘይት እየደረሰ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ዘይቱ መንገድ ጠቦት ተጨናንቋል ማለት ነው። ብሮንዚናን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ በውስጡ የሚያልፈው የዘይት ብዛት ነው። ጠባብ ክፍተት ላለው ሞተር ወፍራም ዘይት መስጠት የማቀዝቀዣውን ፍሰት መቀነስ ነው፤ ያውም ቆላ ውስጥ። ዘይቱን ለመግፋት የሚባክነው ጉልበትም ከነዳጁ ነው የሚወጣው።

ይህን በቪትዝ ላይ ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። ከጃፓን የመጣ ቪትዝ የዘይት መሙያ ክዳኑ ላይ ብዙ ጊዜ 0-20 የሚል ጽሑፍ አለው። መካኒኩ ያን አይቶ “ይህ ለጃፓን ብርድ ነው፤ እዚህ ውሃ ይሆንብሃል” ይልና 20-50 ይሞላል። በዚህ ሞተር ውስጥ ግን የቫልቮቹን ሰዓት የሚያስተካክለው ክፍል የሚታዘዘው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ በቀጫጭን ቀዳዳዎችና በአንዲት ትንሽ ወንፊት በኩል ያልፋል። ዘይቱ ሲወፍር ትእዛዙ ይዘገያል፤ ጠዋት ሞተሩ ይንቋቋል፣ የሞተር መብራትም ሊበራ ይችላል። ባለቤቱም ችግሩን ካንዴላ ላይና ነዳጅ ላይ ሲፈልግ ይከርማል።

መካኒኩ የሚለው ውስጥ ግን እውነት አለ። 0-20 ዘይት የተስፋፋው ሞተሩ ሌላ ስለማይቀበል አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1975 እ.ኤ.አ. የመኪና ፋብሪካዎችን አማካይ የነዳጅ ፍጆታ የሚገድብ ሕግ ካወጣ ወዲህ ፋብሪካዎች ትንሿን ቁጠባ ሁሉ ሲያሳድዱ ኖረዋል፤ ቀጭን ዘይትም ከነዚህ አንዱ ነው። ቶዮታ በ2018 እ.ኤ.አ. የካምሪ ሞዴሉ ላይ 0-16 እስከማዘዝ ደርሷል። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ሞተር ለአሜሪካ በተጻፈ መመሪያ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ለሌላ አገር በተጻፈ መመሪያ ደግሞ አራትና አምስት ቁጥር ተፈቅዶለት የሚገኘው። ብዙ የቶዮታ መመሪያዎች 0-20ን ካስቀደሙ በኋላ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ወይም በከባድ ጭነት ለሚነዳ መኪና ሁለተኛ ቁጥሩ ከፍ ያለ ዘይት ሊስማማው እንደሚችል ያክላሉ። ፋብሪካው ራሱ በሩን ከፍቷል ማለት ነው። ቪትዝዎ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ከዋለ 0-20 ወይም 5-30 ይበቃዋል። አምስት ሰው አሳፍሮ፣ ሻንጣ ጭኖ ድሬዳዋ የሚመላለስ ከሆነ 5-30 ወይም 10-30 እመርጥለታለሁ። 20-50 አልሞላበትም።

ለአይሱዙና ለሌሎች የናፍጣ ጭነት መኪኖች ነገሩ ቀላል ነው። ለናፍጣ የተሠራ 15-40 ለደጋውም ለቆላውም የሚስማማ ዘይት ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሰውም ከዚህ መራቅ አያስፈልገውም። ባለ አንድ ቁጥሩ 40 ዘይት ዛሬም ይሸጣል። ሲሞቅ ከ15-40 ጋር እኩል ነው፤ ጠዋት ሲነሣ ግን ይከብዳል። ርካሽ ከመሆኑ በቀር የሚመረጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ባጃጅና ሞተር ሳይክል ላይ ሲደርስ ፍርዴ ይገለበጣል። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ውሃም ቴርሞስታትም የለውም፤ የውጭው ሙቀት በቀጥታ ይደርሰዋል። ድሬዳዋ ወይም አዋሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በዝግታ እየቆመና እየተነሣ ሲሠራ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ እንኳ አያገኝም። እዚህ ላይ 20-50 ተገቢ ምርጫ ነው፤ የነዚህ ሞተሮች መመሪያዎችም ብዙውን ጊዜ እሱን ይጠራሉ። ባለ ባጃጆች ግን ቁጥሩን ብቻ አይተው እንዳይገዙ አደራ እላለሁ። ፍሪሲዮኑ የተነከረው በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ለቤት መኪና የተሠራ ዘይት ማንሸራተቻ ቅመም ሊኖረው ስለሚችል ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጋሎኑ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት መኖሩን ይመልከቱ፤ ጃፓኖች ለእንዲህ ዓይነት ፍሪሲዮን ያወጡት ደረጃ ነው።

ብዙ የሠራ ሞተርስ? ፋሻው የተበላ፣ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ፣ “ዘይት ትበላለች” የሚባልላት ዲኤክስ ወፍራም ዘይት ሲገባላት በእርግጥ እፎይ ትላለች። ክፍተቱ ስለሰፋ ቀጭኑ ዘይት ያመልጣል፤ ወፍራሙ ይቆያል። በሚኒሞ ስትሠራ የሚርገበገበው የዘይት መብራትም ይጠፋ ይሆናል። ይህ ለአንድ ሁለት ዓመት የሚሆን ማስታገሻ ነውና ሞተሩ ሲወርድ የሚከፈለውን ገንዘብ ከአሁኑ ማጠራቀም ይገባል። መብራቱ የረገበገበው አዲስ ሞተር ላይ ከሆነ ግን ዘይት በማወፈር ማፈን አደገኛ ነው። መጀመሪያ የዘይቱ መጠን፣ ቀጥሎ ፓምፑና ፊልትሮው ይታዩ።

ስለ ውፍረት ይህን ያህል ከተባለ፣ ቆላ ለሚሠራ መኪና ከቁጥሩም በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። ዘይት ሲሞቅ ከአየር ጋር ተዋህዶ ያረጃል፤ በግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርጅናው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። በ100 ዲግሪ የሚሠራው ዘይት የሚቆየውን ያህል በ120 የሚሠራው ከቶ አይቆይም። አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በ20-50 ተማምኖ መቀየሪያውን የሚያሳልፍ ሾፌር፣ በ15-40 ጊዜውን ጠብቆ ከሚቀይረው ይልቅ ሞተሩን ይጎዳል። መመሪያዎች ለከባድ ሥራ የተለየ፣ አጠር ያለ የመቀየሪያ ኪሎ ሜትር ይሰጣሉ፤ አፋርና ጋምቤላ የሚሠራ መኪና የሚገባው እዚያ ምድብ ውስጥ ነው።

ሌላው ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል ነው። “ለሙቀት ይሻላል” ተብሎ የሚነቀለው ይህ ዕቃ ሲጠፋ መኪናው አዲስ አበባ ውስጥ ሳይሞቅ ይውላል። ያልሞቀ ዘይት ውስጥ ውሃና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይቀራል፤ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ጭቃም ይሠራል። የሚሞቅ መኪና ሕመሙ ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ፣ ክዳኑ ወይም ፋኑ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ደጋ ላይ እንኳ ሞተርን ያፈላል። ይህን ዘይት በማወፈር ማዳን አይቻልም። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሲቃጠል የሚወጣው ወጪ የክዳኑን ብዙ እጥፍ ነው።

የአባይን ዳገት ጨርሶ ደጀን ላይ ለምሳ የቆመ ባለ ቱርቦ መኪና ወዲያው አይጥፋ። ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። ቱርቦው ገና እንደጋለ ዘይቱ ከቆመበት እዚያው ይቃጠልና ከሰል ሆኖ ቧንቧውን ይዘጋዋል።

ከቁጥሩ አጠገብ ያሉትን ፊደላትም አይዝለሏቸው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ለቤንዚን ሞተር የሚሰጠው ደረጃ በኤስ ይጀምራል፤ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። ለናፍጣ የሚሰጠው በሲ ይጀምራል፤ ሲአይ-4 በ2002፣ ሲኬ-4 በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወጥተዋል። ኤስኤፍ የሚል ጽሑፍ ያለበት 20-50 በ1980 እ.ኤ.አ. ለነበረ ሞተር የተሠራ ነው፤ ቁጥሩ ቢወፍርም ቅመሙ የዚያ ዘመን ነው። ሁለት ጋሎን አጠገብ ለአጠገብ ቢቀርብልዎ፣ መመሪያው የፈቀደውና አዲስ ደረጃ ያለው 10-30 ከአሮጌ ደረጃ 20-50 ይልቅ ሞተርዎን በሙቀት ይጠብቃል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ለረጅም ዓመት ሊያገለግሉን የግድ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ከመኪናዎ መመሪያ ውስጥ የዘይት ሰንጠረዡ ያለበትን ገጽ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይያዙ፤ መመሪያው በጃፓንኛ ወይም በዓረብኛ ቢሆንም ቁጥሮቹ ያው ናቸው። ጋራዥ ሲገቡ ሰንጠረዡን ያሳዩ፣ ከተፈቀዱት ውስጥ ለደጋ ዝቅተኛውን፣ ለጭነትና ለቆላ ዳገት ከፍተኛውን ይምረጡ፤ ከሰንጠረዡ አይውጡ። ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ባዶውን ጋሎን በቢላ ቀድደው ይጣሉት፤ አሮጌ ዘይት ተሞልቶበት ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ።